የመቀነቱ ሌላኛው ጫፍ

ፌሊው የመቀነቱን አንድ ጫፍ ወገቡ ላይ ይዞ ሌላኛውን ሊያቀብል ዞር ሲል ብላይ አልነበረም።

ብላይ ከቅርጫት ኳሱ ሜዳ ማዶ የማርሳልን መቀነት ይዞ ቆሟል። ጨርቁን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደኋላ ተደግፎ ይጎትታል። ማርሳል እየተሽከረከረ፣ ጥቁሩን ጨርቅ ወገቡ ላይ እየጠቀለለ ወደ እሱ ይቀርባል። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ፊት ለፊት ደረሱ። ማርሳል የሆነ ነገር ነገረው፤ ብላይ ሳቀ።

ፌሊው መቀነቱን የብረት አጥሩ ላይ አሰረ። ብቻውን የሆነ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አጥር ግን እንደ ሰው ወደኋላ አይጎትትም። ሁለት ጊዜ ጠቀለለው፤ ሁለት ጊዜም ላላበት።

ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ መቀነቱን የሚይዝለት ብላይ ነበር። የብላይንም የሚይዘው እሱ ነበር። በከተማው ማንም አፍ አውጥቶ አይነግርህም እንጂ ሁሉም ያውቀዋል፤ መቀነትህን የሚይዝልህ ሰው ጓደኛህ ነው። መቀነቱ ወገብህን አጥብቆ ካልያዘ ጀርባህ ይጎዳል፤ በላይህ የሚወጣውም ልጅ እግሩን የሚያሳርፍበት ያጣል። ስለዚህ ለማይታመን ሰው አይሰጥም።

የቅዱስ ማርቲን በዓል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በየዓመቱ በዚያ ቀን የትምህርት ቤቱ ልጆች ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ የሰው አምድ ያቆማሉ። አራት ሰው፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ። መሠረቱ ብላይ ነው፤ በአሥራ አራት ዓመቱ የበሬ ትከሻ አለው። በእሱ ላይ ሁለተኛው ይቆማል። ከዚያ ሚሬያ ትወጣለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰባት ዓመቷ ኬራልት እንደ ድመት ወጥታ፣ እጇን ለሕዝቡ አንስታ ትወርዳለች። ከታች ሠላሳ ልጅ ደረቱን ከፊቱ ባለው ልጅ ጀርባ ላይ አጣብቆ ዙሪያውን ይደግፋቸዋል። ይህን እቅፍ ይሉታል። ከብላይ ኋላ ቆሞ፣ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ሁለተኛውን ከመቀመጫው የሚደግፈው ልጅ «እጅ» ይባላል። እጅ ከሌለ ሁለተኛው አይቆምም።

ፌሊው አራት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ነበር። የብላይን ትከሻ ከራሱ አልጋ በላይ ያውቀዋል። የቀኙ ከግራው ትንሽ ዝቅ ይላል። በዚህ በጋ ግን ፌሊው ሰባት ሴንቲሜትር ረዘመ። ትምህርት ሲከፈት አሰልጣኟ ሬሜይ ሚዛን ላይ አቆመችውና ቁጥሩን አይታ ራሷን ነቀነቀች። ሬሜይን ማንም «እርስዎ» አይላትም፤ አትወድም።

«ከበድክ፣ ፌሊው።»

«ብላይ ይችለኛል።»

«ብላይ ዝሆን ተሸከም ቢሉትም እሺ ነው የሚለው። እምቢ የምለው እኔ ነኝ። ለእጅ ግን ቁመትህ ልክ ነው። እጅ ሁን።»

«ሁለተኛ ማን ሊሆን ነው?»

«አዲሱ ልጅ፣ ማርሳል። ሬውስ ከተማ እያለም ሲወጣ ነው የኖረው።»

«እጅ አልሆንም» አለ ፌሊው። ቦታውን የወሰደበትን ልጅ ደግፎ ሊያቆም?

ሬሜይ አልተከራከረችውም። «በግድ የሚይዝ ሰው አልፈልግም» ብላ በእጅነት እንዲቆም የክፍላቸውን ልጅ ፖንስን ጠራች። ፌሊው እቅፉ ውስጥ አራተኛው ረድፍ ላይ ተመደበ። ከዚያ የሚታየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው።

ማርሳል ወደ ከተማው የመጣው እናቱ ፋርማሲው ውስጥ ሥራ ስላገኘች ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሚሬያ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ፍቅረኛ አለችህ?» ብላ ጠየቀችው።

«ፍቅረኛዬ ወንድ ነበር» አለ ማርሳል። «ወደዚህ ስንመጣ ተለያየን።» ከዚያ ወደ ብላይ ዞሮ «ላጲስ አለህ?» አለው።

ብላይ ላጲሱን አቀበለው። በዚያው አለፈ።

ያን ቀን ፌሊውን የቆረቆረው ማርሳል ስለ ራሱ የተናገረው አልነበረም። ላጲሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ይታየው ጀመር። አውቶቡስ ውስጥ ሁለቱ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ይካፈላሉ። በእረፍት ሰዓት ብላይ ቲማቲም የተፈተገበት ዳቦውን ድሮ ለሁለት ይቆርስ ነበር፤ አሁን ለሦስት ይቆርሳል። ፌሊው የሁሉንም ድርሻ በዓይኑ ይለካል። ብላይ «ችግር የለም» ማለት ትቶ «ግድ የለም» ማለት ጀምሯል፤ የማርሳል አነጋገር ነው። ብላይ ያን ቃል በተናገረ ቁጥር ፌሊውን ጥርሱን ያሳክከዋል።

አንድ ሐሙስ ልምምዱ ካለቀ በኋላ ማርሳል ከብላይ ትከሻ አልወረደም። ብላይ እንደተሸከመው እንደ ፈረስ እየሮጠ ሜዳውን ዞረ። ይህን ጨዋታ የፈጠሩት ፌሊውና ብላይ ነበሩ፤ ሦስተኛ ክፍል እያሉ። ፌሊው ቆሞ ሊያየው አልቻለም። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገባ።

ፖንስና የክፍላቸው መንትያ ወንድማማቾች ጫማ እየቀየሩ ነበር። የብላይና የማርሳል ሳቅ በመስኮቱ ይሰማል።

«እነዚህ ደግሞ ምን ሆነዋል?» አለ ፖንስ።

ፌሊው የጫማውን ክር እየፈታ ቀና ሳይል መለሰ። «ከብላይ ትከሻ መውረድ አይፈልግም። ለምን ይመስላችኋል?»

ፖንስ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። «እህ» አለ።

ፌሊው ጫማውን አውልቆ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። አፉ ውስጥ ሳንቲም የያዘ ይመስል ምላሱ ብረት ብረት አለው።

በማግስቱ ጠዋት ብላይና ማርሳል አብረው ሲገቡ ከኋላ ወንበር ፉጨት ተሰማ። «ሙሽሮቹ መጡ» አለ አንዱ መንታ። ሰኞ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ሁለት የሰው ምስሎች ተስለው ተገኙ፤ አንደኛው በሌላኛው ትከሻ ላይ፣ ዙሪያቸውን ልብ። ማርሳል ሄዶ በእጅጌው አጠፋው። አልተቆጣም፣ ወደ ማንም አላየም። ብላይ ግን ጆሮው ቀላ። ፌሊው ያን ጆሮ ያውቀዋል። ብላይ ሲፈራ መጀመሪያ የሚቀላው ጆሮው ነው።

«ተዋቸው፣ ሙድ እየያዙ ነው እንጂ ምንም አይደለም» አለው ፌሊው በእረፍት ሰዓት።

«ምን አድርገን ነው?» አለ ብላይ። «ምን አየን ብለው ነው?»

ፌሊው ትከሻውን ነቀነቀ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለልምምድ ሜዳ ወጡ። ማርሳል የመቀነቱን ጫፍ እንደ ወትሮው ወደ ብላይ ዘረጋ። ከወንበሮቹ በኩል የከንፈር ድምፅ መጣ፤ መንትዮቹ ናቸው። ብላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። የታሰረ ጫማ ነበር። ማርሳል ጨርቁን እንደዘረጋ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሄዶ የቅርጫት ኳሱ ብረት ላይ ቋጠረውና ብቻውን ተሽከረከረ።

ብላይ ወደ ፌሊው መጣ። «ያዝልኝ» አለው። አይኑን አላነሳም።

ፌሊው ያዘለት። ሳምንታት ሲመኘው የነበረ ነገር ነው፤ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ደስም አለው። ብላይ እየተሽከረከረ ቀርቦ ፊቱ ሲደርስ ግን አልሳቀም። ጫፉን ወገቡ ውስጥ ወሽቆ ሄደ።

አምዱ ተጀመረ። ብላይ ቆመ፤ ፖንስ ከኋላው ገባ፤ እቅፉ ተዘጋ። ማርሳል በልጆቹ ጀርባ ላይ ተረማምዶ ወጣና እግሮቹን ብላይ ትከሻ ላይ አሳረፈ። ቀና ሊል ሲጀምር ያ የከንፈር ድምፅ እንደገና መጣ። ፌሊው ከአራተኛው ረድፍ ያየው ከጭንቅላቶቹ በላይ የሚራገቡ ሁለት እጆችን ነው። ፖንስ የጋለ ድስት እንደነካ ሰው እጆቹን አሽሽቶ ያራግባል። አንድ ሁለት ልጅ ሳቀ።

ማርሳል ወደኋላ ተጠመዘዘ፤ በልጆቹ ጭንቅላት ላይ ተንከባሎ ሲሚንቶው ላይ በጉልበቱ አረፈ።

ሬሜይ ሮጣ መጣች። ከሌላ በኩል ለኬራልት የራስ ቆብ እያደረገችላት ስለነበር አላየችም። «ምን ሆነ?»

ማርሳል ጉልበቱን ይዞ ነበር። ከሱሪው ሥር ትንሽ ደም ወጥቷል። ፖንስን አየው። ከዚያ ፌሊውን አየው፤ ለምን እሱን እንዳየው ፌሊው አላወቀም።

«እግሬን አዳለጠኝ» አለ።

በዚያ ከተማ ሰዎች ይጣላሉ፤ በምርጫ ይጣላሉ፣ በድንበር ይጣላሉ፣ ለዓመታት የማይነጋገሩ ዘመዳሞች አሉ። እቅፉ ውስጥ ግን ሰው እጁን አያሸሽም። ሬሜይ ያልጠረጠረችውም ለዚህ ነው። ሠላሳ ልጅ እያወቀ ዝም አለ። ፌሊውም ዝም አለ።

ሐሙስ ማርሳል ወደ ሬሜይ ቀርቦ ጉልበቱ እንደማይችል ነገራት። «ፌሊው ይውጣ፤ ቦታውን ያውቀዋል» አላት። ሬሜይ ፌሊውን ከላይ እስከ ታች ለካችው።

«ለአንድ ቀን ከሆነ ብላይ ይችልሃል። ቅዳሜ ለበዓሉ ትወጣለህ።»

በዚያው ቀን ተለማመዱ። ፌሊው ጀርባዎቹን ረግጦ ወጣ፤ እግሮቹ ሳይፈልጉ ቦታቸውን አገኙ። የቀኙ ትከሻ ዛሬም ዝቅ ያለ ነው። ከሥሩ የፖንስ እጆች ጥብቅ አድርገው ያዙት። «አንተን ከሆነማ» አለው ፖንስ ከታች። ሚሬያ ወጣች፤ ኬራልት ሁለቱን ተሻግራ እጇን አንስታ ወረደች።

ፌሊው ቀና ብሎ ቆሞ ሜዳውን አየ። ማርሳል ከእቅፉ ዳር የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር። ሁለት እጁን ከፊቱ ያለው መንታ ጀርባ ላይ ሊያሳርፍ ይዘረጋል፤ መንታው ግማሽ እርምጃ ወደፊት ይሸሻል። ማርሳል ይጠጋል። መንታው ይሸሻል። ከአምዱ ሁሉም እስኪወርዱ ድረስ ማርሳል እጆቹን አየር ላይ እንደዘረጋ ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ ብላይ አንገቱን ደፍቶ ይራመድ ነበር። የወይን ማሳዎቹ ቅጠል ቀልቶ ረግፏል። ፌሊው ስለ ቅዳሜ ሊያወራ ሁለት ጊዜ ጀምሮ ተወው።

«ጉልበቱ ደህና ነው» አለ ብላይ በድንገት። «ዛሬ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ሲወጣ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን…»

«እንዳላወቀ አትሁንብኝ ባክህ። ለምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።» ብላይ ጠጠር መታ። «መቀነቱን ዘረጋልኝ፤ እኔ ጫማዬን አሰርኩ። የታሰረ ጫማ ነው ያሰርኩት። እነሱ ይስቁብኛል ብዬ።»

«የሳቁብህ እነሱ ናቸው እንጂ አንተ ምን አደረግክ?»

«እኔም አደረግኩ።» ትንሽ ሄዱ። «ማን እንደጀመረው ግን ባውቅ ደስ ይለኛል። ማንም ምንም ሳይል ወር ሙሉ ኖረን ነበር።»

መገንጠያው ላይ ሲደርሱ ብላይ «ደህና ዋል» አለው። «ነገ» አላለውም። ሁልጊዜ «ነገ» ነበር የሚለው።

ዓርብ ትምህርት እስከ ቀትር ነው። ከሰዓት በኋላ ፌሊው አያቱን የወይራ ለቀማ ሊያግዝ ማሳ ወረደ። አያቱ መረብ መሬት ላይ ዘርግተው ቅርንጫፉን እንደ ፀጉር በማበጠሪያ እያበጠሩ ወይራውን ያወርዱታል። አውራ ጣቶቻቸው ወደኋላ የተጣመሙ ናቸው። በከተማው አምድ ሠላሳ ዓመት እጅ ነበሩ።

«አባባ፣ ነገ የምወጣው እኔ ነኝ።»

«ሰማሁ። ከባድ ነህ።»

ወይራው እየተንጠባጠበ መረቡን መታው። ፌሊው ቅጠሉን እየለየ ብዙ ቆየ።

«እጅ ሲሆኑ ወደ ላይ ይታያል?»

«ቀና ካልክ አንገትህን ትሰበራለህ። አጎንብሰህ ነው የምትይዘው። ማን እንደሆነ አታይም፤ ክብደቱን ብቻ ነው የምታውቀው።»

«እገሌን አልይዝም ብለው ያውቃሉ?»

አያቱ ማበጠሪያውን አቆሙ። «አንድ ጊዜ።»

«ማንን?»

«ወንድሜን። በዚህ ማሳ ተጣልተን ነበር።»

«ወደቀ?»

«አልወደቀም። ሌላ ሰው ገብቶ ያዘው። እኔ ውጭ ቆሜ እንዲወድቅ ጠበቅኩ።» አያቱ የወይራውን ግንድ አዩ። «ወንድሜ ሞተ። ማሳው የኔ ሆነ። ትዝ የሚለኝ ግን ያ መጠበቄ ነው።» ከዚያ ማበጠሪያውን አነሱ። «ያንን መረብ ሳብ፤ ወይራው እያመለጠህ ነው።»

ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ልጆቹ ነጭ ሱሪና አረንጓዴ ሸሚዝ ለብሰው ተሰብስበዋል። አደባባዩ በሰው ሞልቷል፤ ጡሩንባ ነፊዎቹ የመሣሪያቸውን የሸምበቆ አፍ በምራቅ ያረጥባሉ። ሬሜይ ዝርዝሩን ይዛ ስም ትጠራለች። ብላይ መቀነቱን ታጥቋል። ማን እንደያዘለት ፌሊው አላየም። ማርሳል ዳር ላይ ብቻውን ቆሟል፤ መቀነቱ እንደተጠቀለለ ብብቱ ሥር ነው።

«ሁለተኛ፣ ፌሊው» አለች ሬሜይ።

«አልወጣም።»

ሬሜይ ከወረቀቱ ቀና አለች።

«ማርሳል ይውጣ» አለ ፌሊው። ድምፁ ከፈለገው በላይ ቀጠነበት። «ማክሰኞ እግሩን አላዳለጠውም። ፖንስ እጁን አሽሽቶበት ነው የወደቀው።»

ሬሜይ ወደ ፖንስ ዞረች። «እጅህን አሽሽተሃል?»

«ቀልድ ነበር» አለ ፖንስ። «ሁሉም ሲስቅ ነበር። እሱን ከኋላ መያዝ ይደብረኛል፤ በግድ ነው እንዴ?»

«በግድ አይደለም» አለች ሬሜይ ቀስ ብላ። ፊቷ ነጭ ሆኗል። «ከእቅፉ ውጣ። ሰኞ ከወላጆችህ ጋር እንነጋገራለን።»

«ቀልዱን የጀመርኩት እኔ ነኝ» አለ ፌሊው።

ይህን ሊል አስቦ አልመጣም ነበር። የፖንስን ነገር ብቻ ተናግሮ ሊያበቃ ነበር ያሰበው። አሁን ግን ብላይ ፊቱን ወደ እሱ አዙሯል።

«ልብስ መቀየሪያው ውስጥ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከብላይ ትከሻ መውረድ አይፈልግም ያልኩት። ምንም አላየሁም፣ ምንም አልነበረም። ቀንቼ ነው።» ትንፋሽ ወሰደ። «ቦታዬን ወሰደብኝ። ብላይንም የወሰደብኝ መሰለኝ።»

ፖንስ በከንፈሩ ያንን ድምፅ አሰማ። «ኦ፣ ለካ አንተም ነህ! ሦስት ናቸዋ።»

ሁለት ሦስት ልጅ ሳቀ። ፌሊው ፊቱ ሲነድ ተሰማው። እስኪበርድ ጠበቀ፤ አልበረደም።

«የፈለግከውን በለኝ» አለ። «ብሆንም ባልሆንም ዛሬ እጅ የምሆነው እኔ ነኝ።»

ፖንስ ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ። አንዱ መንታ ተከተለው። ሌላኛው ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ፤ ወንድሙን አየ፣ ሬሜይን አየ፣ ተመልሶ ረድፉ ውስጥ ገባ።

«አልተለማመድክም» አለች ሬሜይ።

«አራት ዓመት እዚያ ላይ ቆሜያለሁ። እጅ የት መሆን እንዳለበት አውቃለሁ።»

ሬሜይ ማርሳልን ጠየቀችው። «ጉልበትህስ?»

ፌሊውን አየው፤ ጥሩ አስተያየት አልነበረም። «ጉልበቴ ደህና ነው» አለ። «የሚይዘኝ ካለ።»

«እኔ እሸከመዋለሁ» አለ ብላይ። ለሬሜይ ነው የተናገረው። ፌሊውን አልፎት ሄዶ ማርሳል ፊት ቆመ። «ያን ቀን ጫማዬ ታስሮ ነበር» አለው።

«አውቃለሁ» አለ ማርሳል።

«ይቅርታ።»

«ግድ የለም።»

ፌሊው ያን ቃል ሰማ። እንደ ሁልጊዜው አሳከከው።

ብላይ ወደ ቦታው ሄደ። ማርሳል መቀነቱን ዘርግቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የብረት አጥር ተራመደና ጫፉን ሊቋጥር ጎንበስ አለ። ፌሊው ከኋላው ደረሰ።

«ስጠኝ።»

ማርሳል ጫፉን ይዞ ቆየ። «ለምን? ሰው ስላየህ?»

«አሁን ማን ያየናል? ሁሉም ወደ አደባባዩ ዞሯል።»

እውነት ነው፤ ጡሩንባዎቹ መሞካከር ስለጀመሩ ልጆቹ ወደዚያ ዞረዋል። ማርሳል ጫፉን ሰጠው። ፌሊው በሁለት እጁ ጠቅልሎ ያዘ፣ እግሮቹን ድንጋዩ ላይ ተከለ፣ ወደኋላ ተደገፈ። ማርሳል ሳይሽከረከር በፊት ጨርቁን ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተው። ፌሊው አልተነቃነቀም። ማርሳል እንደገና ጎተተ፤ ፌሊውን ክንዱን እስከ ብብቱ አመመው። ከዚያ ማርሳል መዞር ጀመረ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት። ጨርቁ እያጠረ መጣ። ፊት ለፊት ሲደርሱ ማርሳል ጫፉን ወገቡ ውስጥ ወሸቀ።

«ላላብህ?» አለ ፌሊው።

«አልላላም» አለ ማርሳል።

አደባባዩ ላይ ብላይ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመ። ፌሊው ከኋላው ገብቶ ደረቱን ጀርባው ላይ አጣበቀ። ልጆቹ ከኋላ እየተጫኑት እቅፉ ተዘጋ። የብላይ ጀርባ ሞቃት ነበር። ጆሮው አልቀላም።

«በኋላ እናወራለን» አለ ብላይ ሳይዞር። ድምፁ ደረቅ ነው።

«እሺ።»

ማርሳል ከጎን በኩል ጀርባዎቹን ረግጦ ሲወጣ ተሰማው። ብላይ ትከሻውን አመቻቸለት፤ የቀኙን ትንሽ ከፍ አደረገ። ለፌሊው እንደዚያ አድርጎለት አያውቅም። ፌሊው ይህን አየ፤ እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ወጋው።

ጡሩንባዎቹ ጀመሩ። ፌሊው አጎነበሰ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፣ ክብደቱ እስኪመጣ ጠበቀ።